900 ሚሊዮን ዶላር «ተፈቅዷል» ሲባል

ለተፈጥሮ ጥበቃና ለመናፈሻዎች ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካ የመሬትና ውሃ ጥበቃ ፈንድ በሕግ የተቋቋመው በአውሮፓውያኑ 1964 ነው። ገንዘቡ በዋናነት ኩባንያዎች ከባሕር ላይ ለሚያወጡት ነዳጅና ጋዝ ለመንግሥት ከሚከፍሉት ይመጣል። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው «ተፈቅዷል» የሚለው ነው። ሕጉ በዓመት 900 ሚሊዮን ዶላር ቢፈቅድም፣ እስከ 2020 ይህ ጣሪያው ብቻ ነበር፤ ኮንግረስ በየዓመቱ በጀት ሲያጸድቅ ካልመደበው አንድም ሳንቲም አይወጣም ነበር። ለአሥርት ዓመታት ከጣሪያው በታች እየመደበ ቀሪውን ለሌላ ወጪ አውሎታል፤ እኔ ይህን ቃል ማጠፍ ነው የምለው። በ2019 ፈንዱ ቋሚ ሆነ፣ ገንዘቡ ግን ዋስትና አላገኘም። ሙሉው በየዓመቱ ያለ አዲስ ውሳኔ እንዲወጣ ያደረገው የ2020ው ሕግ ነው። ከዚሁ ፈንድ በተሰጠ ድጋፍ የተሠራ የሰፈር መናፈሻም ያለ ፌዴራል መንግሥት ፈቃድ ወደ መኪና ማቆሚያ ሊለወጥ አይችልም።