ሙሉ ማደንዘዣ ስንወስድ ምን እንደሚሰጠን

ጎንደር ላይ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው ሲባል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ማን ነው የሚቀደው?» ይላል። «ማን ነው የሚያደነዝዘው?» የሚል አልሰማሁም። ሰመመን ሰጪው፣ ወይም አንስቴቲስቱ፣ ከራስጌ ሆኖ ትንፋሽና ልብ የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም እነዚህን ባለሙያዎች ያሠለጥናል።

ሙሉ ማደንዘዣ እንቅልፍ አይደለም። የተኛ ሰው ሲወጋ ይነቃል፣ የደነዘዘ ሰው ግን አይነቃም፣ ብዙ ጊዜም ራሱን ችሎ በደንብ አይተነፍስም። ሥራውን ሁሉ አንድ መድኃኒት ብቻውን ስለማይወጣው የተለያዩ መድኃኒቶች ተደጋግፈው ይሰጣሉ። ለማስተኛት በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎል ነጭ ነው፣ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራል፤ የደም ግፊት ግን ያወርዳል። ስለዚህ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ብዙ ጊዜ ኬታሚን ይመረጣል። ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ ሲሆን ህመምንም ያስታግሳል፣ ትንፋሽንም ብዙ አይጫንም። መሣሪያ በሌለበት የገጠር ሆስፒታል ስንቱን ሰው አትርፏል! ሲነቁ ማቃዠቱ ቤተሰብ ያስደነግጣል፣ ግን ያልፋል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፉን የሚያቆየው እንደ ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን ያለ በትንፋሽ የሚገባ መድኃኒት ነው። ለህመም ፔቲዲን፣ ሞርፊን ወይም ፌንታኒል ይጨመራል። ጡንቻ ማላላት ካስፈለገ ሱክሳሜቶኒየም ወይም ቬኩሮኒየም አለ፤ እነዚህ መተንፈሻ ጡንቻንም ስለሚያሰንፉ ቱቦ ገብቶ ባለሙያው ወይም ማሽኑ ይተነፍስለታል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ከማስተኛቱ በፊት በጭንብል የሚሰጠው ኦክስጅን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ከማደንዘዣ በፊት ወደሚጾመው ጾም። ሰው ሲደነዝዝ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ይህም ሊገድል ይችላል። ለአዋቂ የተለመደው ልክ ለምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት ለበዛበት 8 ሰዓት፣ ለውሃ 2 ሰዓት ነው። ጠያቂ አዝኖ በፔርሙስ የሚያመጣው አጥሚትም ሆነ ወተት እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው፣ «ፈሳሽ ነው እኮ» አይሠራም። እናት አባታችሁ ረሃቡ ከበረታባቸው እንኳ ባለሙያውን ሳትጠይቁ አትስጧቸው።

ሲጠይቃችሁም ሁሉን ንገሩት፦ አስም፣ የግፊት መድኃኒት፣ አረቄ፣ ጫት፣ የባህል መድኃኒት፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከዘመድ በማደንዘዣ የተጎዳ ካለ። ከነቃችሁ በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ማቅለሽለሽና የጉሮሮ መከርከር የተለመዱ ናቸው። መተንፈስ ከከበዳችሁ ግን ወዲያው ነርስ ጥሩ።