ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

«ስትወልጂ ይተውሻል።» በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የወር አበባ ሕመም የጸናባት ልጃገረድ ከእናቷና ከአክስቶቿ የምትሰማው ማጽናኛ ይህ ነው። በቅንነት የሚባል ነው። ነገር ግን የሕመሟ ምክንያት ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሆነ፣ ልጅ እንዳትወልድ የሚያደርጋትም ያው በሽታ ሊሆን ይችላል።

በሽታው የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ነው። የሴት እንቁላል በሚመረትባቸው ኦቫሪዎች፣ በማህፀን ቱቦዎች ዙሪያ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ አንዳንዴም አንጀትና ፊኛ ላይ ይገኛል። እንደ ማህፀን ሽፋን ሁሉ በየወሩ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። ቦታው ያብጣል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ ውሎ አድሮም የውስጥ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ኦቫሪ ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ደም ከረጢት ይሠራል፤ ሐኪሞች ከቀለሙ ተነሥተው «የቸኮሌት ሲስት» ይሉታል። ካንሰር አይደለም፣ አይተላለፍም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል።

ተራ የወር አበባ ቁርጠት ብዙውን ጊዜ በኢቡፕሮፌን ወይም በሙቅ ውሃ ይበርዳል። የኢንዶሜትሪዮሲስ ሕመም ግን ደም ከመፍሰሱ ቀናት ቀድሞ ሊጀምር፣ ወገብና ጭን ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፤ በወር አበባ ሰሞን መጸዳዳት ያማል፣ ግንኙነትም ወደ ውስጥ ጠልቆ ያማል። ይህን የመጨረሻውን አፍረው የሚደብቁ ብዙ ናቸው፤ ለሐኪም ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ወጣት በዚህ ሕመም ከሥራ ስትቀር ሰነፍ መባሏ ያንገበግባል።

አልትራሳውንድ ሲስቱን ያሳያል፤ ጥቃቅኑ ቁስል ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ «ምንም የለም» የሚል ውጤት ይዞ መመለስ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። በእምብርት በኩል ካሜራ በማስገባት የሚደረገው ላፓሮስኮፒ የበለጠ ያሳያል፤ ሕክምናው ግን እርሱን ሳይጠብቅ ሊጀመር ይችላል።

ሕመሙን ከሚያስታግሡት መካከል የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች፣ መርፌና በክንድ የሚቀበር መድኃኒት ይገኙበታል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ከመርፌው በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል እንጂ ይመለሳል። ልጅ አሁኑኑ የምትፈልግ ሴት ግን ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር፤ ቁስሉን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ወይም እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ ማገናኘት ሊታሰብላት ይችላል። በሽታው እያለባቸው ያለ ምንም እርዳታ የሚያረግዙም ብዙ ናቸው።

እርግዝና ሲዘገይ ምክንያቱ ሁልጊዜ ይህ አይደለም። በጊዜ ያልታከመ ክላሚዲያ (በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን) ወይም ጨብጥ የማህፀን ቱቦን ሊዘጋ ይችላል፤ ማዮማም (የማህፀን እጢ) የራሱ ጣጣ አለው። ባልም ዘሩን ይመርመር፤ ሚስት ብቻዋን ከሐኪም ሐኪም የምትንከራተትበት ምክንያት የለም።

ወደ ማህፀን ሐኪም ስትሄጂ የሁለት ሦስት ወር ማስታወሻ ያዢ፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የወሰድሽው መድኃኒት፣ ከትምህርት ወይም ከሥራ የቀረሽባቸው ቀናት።