«በደሙ ያለ ነው» ስንል፦ ሕዋስ ፕሮቲን ስለሚሠራበት መንገድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰው ከወላጆቹ የወረሰውን ጠባይ «በደሙ ያለ ነው» እንላለን። ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን የተባለ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ቀርበን ስንመለከት ግን፣ ስለ ዘረመል (ከወላጆች ስለሚወረሰው የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ) ከያዝናቸው ሐሳቦች በርካቶቹ መታረም እንዳለባቸው እንረዳለን።

«ዲኤንኤ ራሱ ወደ ፕሮቲን ይለወጣል» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ዘረመል በኬሚካል «ፊደላት» የተጻፈበት ረጅሙ ሞለኪውል፣ ዲኤንኤ፣ አይለወጥም፤ ከኒውክለስ (ከሕዋሱ እምብርት) ሳይወጣ የሚፈለገው ክፍሉ ብቻ መልእክተኛ አርኤንኤ ወደሚባል ጊዜያዊ ቅጂ ይገለበጣል፣ ግልባጩም ወደ ውጭ ወጥቶ ራይቦዞም የተባለው የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪ ሦስት ሦስት ፊደል እየለየ ያነበዋል፣ ለእያንዳንዱ ባለሦስት ፊደል ቃልም ተገቢው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ነጠላ ቅንጣት) እየመጣ በሰንሰለቱ ላይ ይቀጠላል። ለዚህ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ማስረጃ በመቅኒ ውስጥ የሚያድገው ቀይ የደም ሕዋስ ነው፦ እድገቱን ሊጨርስ ሲል ኒውክለሱን ከነዲኤንኤው አውጥቶ ይጥላል፣ ሆኖም አስቀድሞ የተገለበጠው አርኤንኤ ስለሚቀርለት ለጥቂት ቀናት ሄሞግሎቢን መሥራቱን ይቀጥላል። ግልባጩ ተሰባብሮ ሲያልቅ ሥራውም ያበቃል። የኮቪድ 19 የመልእክተኛ አርኤንኤ ክትባት «ዘራችንን ይለውጣል» ብለው ለሰጉ ወገኖችም መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ በክትባቱ የገባው አርኤንኤ የሚነበበው ከኒውክለስ ውጭ ነው፣ ከተነበበ በኋላም ሕዋሱ ራሱ ያፈርሰዋል።

የዓይን ሕዋስ የዓይንን፣ የቆዳ ሕዋስ የቆዳን ዘረመል ብቻ እንደሚይዝ የሚያስቡም አሉ። ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙሉውን ስብስብ ይይዛሉ። የኢንሱሊን ዘረመል በቆዳ ሕዋስም ውስጥ አለ፤ ኢንሱሊን ተሠርቶ ወደ ደም የሚገባው ግን ከቆሽት ነው። «አንድ ዘረመል አንድ ፕሮቲን» የሚለውም አይጸናም፤ 20,000 ገደማ የሚሆኑት ፕሮቲን አሠሪ ዘረመሎቻችን ግልባጫቸው በተለያየ መንገድ እየተቆረጠና እየተቀጠለ ከአንድ በላይ ፕሮቲን ሊያስገኙ ይችላሉ።

ይበልጥ መብራራት ያለበት «በዘረመል ላይ የሚደርስ ማንኛውም ለውጥ በሽታ ያመጣል» የሚለው ነው። ባለሦስት ፊደል ቃላቱ 64 ናቸው፤ ሦስቱ «አቁም» የሚሉ ሲሆኑ 61ዱ 20 አሚኖ አሲዶችን ስለሚጋሩ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ትርጉም አላቸው። የሄሞግሎቢን አካል የሆነው ቤታ ግሎቢን 146 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ስድስተኛው ግሉታሚክ አሲድ ሲሆን ቃሉ በአርኤንኤው ላይ ጂኤጂ ነው። የመጨረሻው ፊደል ተለውጦ ጂኤኤ ቢሆን ትርጉሙ ያው ግሉታሚክ አሲድ ነውና ፕሮቲኑ አይለወጥም። መካከለኛው ተለውጦ ጂዩጂ ሲሆን ግን በቦታው ቫሊን ይገባል፤ ይህ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲለቅ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ሕዋሱን እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል፣ ጎባጣዎቹ ሕዋሳትም ጠባብ የደም ሥሮችን እየዘጉ ብርቱ ሕመም ያስከትላሉ። ይህን ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ይታመማል፤ ከአንዳቸው ብቻ የወረሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ከመሆኑም በላይ ከከባድ ወባ የተሻለ ጥበቃ አለው።

በመጨረሻም፣ የበላነው ፕሮቲን እንዳለ የሰውነታችን ፕሮቲን አይሆንም። በምግብ መፈጨት ወደ አሚኖ አሲዶች ይፈርሳል፣ ሕዋሶቻችንም በራሳቸው ዘረመል መመሪያ እንደ አዲስ ይሠሩታል። ከ20ዎቹ ዘጠኙን የግድ ከምግብ ማግኘት አለብን፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ላይሲን በእህል አነስ ብሎ በጥራጥሬ ስለሚበዛ፣ እንጀራን በሽሮ መብላት ጉድለቱን ያሟላል። ራይቦዞሙም ላይሲኑ ከሽንብራ ይምጣ ከሥጋ ሳይለይ በሰንሰለቱ ላይ ይቀጥለዋል።