ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ስላለ አምፖሉ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም

«አምፖሉ ፎርጅድ ነው።» ጆሮዬ የሰለቸው ወሬ ይሄ ነው። ሰውየው ሶማሌ ተራ ወርዶ ኤልኢዲ ይገዛል፣ የፍሬቻውን አሮጌ አምፖል አውጥቶ ይቀይራል፣ ከዚያ ፍሬቻውን ጥድፊያ ይይዘዋል። መልሶ ሌላ ያመጣል። ያው ነው! ከሻጩ ጋር ተጣልቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ይመጣል።

ኧረ ሻጩን ተዉት። ባለ ክሩ አምፖል 21 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል። ኤልኢዲው የሚፈልገው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው፣ ቀጭ ቀጭ የሚለው ፍላሸር ደግሞ የሚያልፈውን ከረንት ያያል፣ ሲያንስበት አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል፣ ሹፌሩ እንዲነቃ ብሎ ያፈጥናል። ሆን ተብሎ የተሠራ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። በሙቀት የሚሠራው የድሮው ፍላሸርማ ጭራሽ ብልጭ ማለቱን ትቶ በርቶ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ፍላሸሩን ፈልጉ። በብዙ የቆዩ መኪኖች ዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ ፍሬቻ አብሩና ድምፁን ተከተሉ። ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱና ለኤልኢዲ የሚሆን ግዙ። የእግሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የእግሮቹ አቀማመጥም አንድ መሆኑን እዩ። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ስለሆነ የሚነቀል ፍላሸር ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ከኤልኢዲው ጎን ከረንት የሚስብ ሬዚስተር መጨመር ነው፣ አምፖሉ እንዳልተቃጠለ እንዲመስለው።

«ሬዚስተሩን በቴፕ ጠቅልሎ መወሸቅ ነው።» ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። የተለመደው ባለ 6 ኦም፣ 50 ዋት ነው። 2 አምፔር ይስባል፣ 24 ዋቱን በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀይራል፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ቮልቱ ስለሚጨምር ይብሳል። አራቱንም ፍሬቻ ለኩሶ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ቪትስ የኋላ መብራቱ ፕላስቲክ አብጦ፣ ሽቦው ተልጦ መጥቶልኛል። የሠራለት ሰው ከሽቦው ጋር አስሮት ነበር። ቦዲው ብረት ላይ በብሎን ይታሰር፣ ከፕላስቲክና ከሽቦ ይራቅ። አንዱ ጫፍ ከፍሬቻው ሽቦ፣ ሌላው ከማሳ፣ ማለትም ከኔጋቲቩ ጋር ከተያያዘው የመኪናው ብረት። ሽቦውን ቆርጣችሁ መሀል አታስገቡት፣ እንዲያ ከሆነ ምንም አይለውጥም።

«ኤልኢዲው አልበራም፣ ሞቷል።» ጠፍጣፋ እግር ያለው ከሆነ ገልብጣችሁ ክተቱት፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል።

«ነጭም ብርቱካናማም ያው ነው።» አይደለም። በብርቱካናማ መስታወት ውስጥ ነጩ ይፈዛል።

«ግራ ስሰጥ ቀኙም ይበራል፣ ሽቦ ተነካክቷል።» አንዳንዴ ነው። ሞተር ሳይክልና ዳሽቦርዱ ላይ ለግራም ለቀኝም አንድ መብራት ብቻ ያለው መኪና ከሆነ ከረንቱ በዚያች አምፖል በኩል ወደ ማዶ ይሻገራል። ባለ ክሩ በዚያች ጠብታ አይበራም፣ ኤልኢዲ ግን ይበራል። ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች ይበቁታል።

ደግሞ ፍላሸር ከቀየራችሁ በኋላ አምፖል ቢቃጠልም ፍሬቻው አይፈጥንም፣ ማስጠንቀቂያው ቀርቷል። አልፎ አልፎ አራቱንም አብሩና ወርዳችሁ መኪናውን ዙሩት።