የውጭ ጆሮ ሲቆረጥ፦ አለያየቱና ሕክምናው፣ ከአዳማ

የውጭ ጆሮ የምንለው በእጅ የሚያዘውን፣ ከጭንቅላት ጎን የሚታየውን ክፍል ነው። አብዛኛው ልም አጥንት፣ ማለትም ከአጥንት የለሰለሰ ተጣጣፊ ነገር ነው። ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የታችኛው ጫፍ ግን የለውም። አዳማ ላይ ጆሮ የሚቆረጥበት ምክንያት አይጠፋም፦ የባጃጅ አደጋ፣ ጠብ፣ የውሻ ንክሻ፣ የፀጉር ቤት ምላጭ። ሕፃን የእናቱን ጉትቻ ጎትቶ ጫፉን ለሁለት ሲሰነጥቀውም ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በደሙ ብዛት ነው። ዋናው ነገር ጥልቀቱ ነው። ነጭ፣ ጠንከር ያለ ነገር ብቅ ካለ ልም አጥንቱ ተነክቷል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከላዩ ከተለበጠው ስስ ሽፋን ነው፤ በመሃላቸው ደም ከተጠራቀመ ምግቡ ይቋረጥና ጆሮው እንደ ቦክሰኛ ጆሮ ተጨማዶ ይቀራል። ከጆሮ ቀዳዳ ደም ወይም ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ፣ ከጆሮ ጀርባ ከበለዘ፣ ወይም መስማት ከቀነሰ ጉዳዩ የራስ ቅል ስብራት ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ቤት ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መጫን፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማጠብ። የቡና ዱቄት ደም ያቆማል የሚሉ አሉ። ያቆም ይሆናል፣ ቁስሉን የሚያጥበው ሰው ግን ፍዳውን ያያል። ተቆርጦ የወደቀ ቁራጭ ካለ በረጠበ ጎዝ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይታሰርና በረዶ ባለበት ውሃ ይቀመጣል፤ በረዶው ራሱ እንዳይነካው።

በከተማችን ለዚህ ብዙዎች የሚሄዱት ቀድሞ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል ወደነበረው፣ ዛሬ ሐኪሞች ወደሚያፈራው አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ቦታው ደንዝዞ ይታጠባል፤ ቆዳው ልም አጥንቱን እንዲሸፍን ተደርጎ ይሰፋል፤ ደም እንዳይቋጥር ጠበቅ ባለ ፋሻ ይታሰራል። ማደንዘዣው ላይ አድሬናሊን (የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት) ይጨመር አይጨመር የሚለው ያከራክራል፤ የድሮዎቹ ሐኪሞች በፍጹም አይጨመርም ይላሉ፣ የቅርቦቹ ብዙም አይፈሩትም። የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ ይታያል፣ ውሻ ከነከሰ ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባት። ክሩ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

በጉትቻ ተቀዶ ዳርና ዳሩ ለየብቻ የዳነ ጫፍ በራሱ አይገጥምም፤ ዳሩ እንደገና ተልጦ ይሰፋል። በጥንቷ ሕንድም የጆሮ ጫፍ ይጠገን እንደነበር ተጽፏል።

ከቀናት በኋላ ጆሮው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቢያተኩስና ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ጫፍ ብቻ ደህና ቢሆን ልም አጥንቱ ዘንድ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የክር ማውጫውን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያኔውኑ መመለስ ነው።