የጓሮ አትክልት በአዳማ

የጓሮ አትክልት በአዳማ በግቢ፣ በአጥር ጥግና በበረንዳ ለቤት ፍጆታ የሚለማ ነው። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አብዛኛው ዝናቧ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። በግቢዎቿ በብዛት የሚታዩት የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ካሮት ናቸው።

ታሪክ

አዳማ የባቡር ጣቢያ ሆና ያደገች ከተማ ናት። ስለ አትክልቷ ብዙ የተጻፈው ግን ከመልካሳ ወዲህ ነው። ከከተማዋ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ የቆላና የወይና ደጋ አትክልትን ሲያጠና ኖሯል። የከተማዋን ስም ይዞ አገር ያዳረሰው «አዳማ ሬድ» ሽንኩርት የዚሁ ማዕከል ውጤት ነው፤ ደማቅ ቀይ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ሲከተፍ ዓይን የሚያቃጥል፣ ለወጥ የሚመረጥ። ከቲማቲም «መልካሾላ» እና «መልካሳልሳ» ከማዕከሉ ወጥተዋል። ሁለቱም አጭር ቁመት ስላላቸው ለጠባብ ግቢ ይመቻሉ፤ መልካሳልሳ በተለይ ለድልህ ተስማሚ ነው። የእነዚህ የቲማቲም ዝርያዎች ዘር ከራስ ፍሬ ተለቅሞ ለከርሞ ይዘራል። ከሱቅ የሚገዛው ዲቃላ ዘር ብዙ ያፈራል፤ ከፍሬው የሚለቀመው ዘር ግን እናቱን አይመስልም።

አፈሩ

የአዳማ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ብስባሽ ያንሰዋል። በአብዛኛው ከገለልተኛ ወደ አልካላይንነት (የአሲዳማነት ተቃራኒ) የሚያደላ በመሆኑ ለደጋ አሲዳማ አፈር የሚሰጠው «አመድ ጨምሩበት» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም። አመድ የበዛበት መደብ ላይ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ብረት የማጣት ምልክት ነው። ትንሽ አመድ አይጎዳም የሚሉ አሉ።

አጀማመር

ለጀማሪ 1 ሜትር ስፋት በ3 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ ይበቃዋል። ስፋቱ ከዚህ ካለፈ መሃሉን ለመኮትኮት መርገጥ ግድ ይሆናል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠጥራል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ተመርጦ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፈራል፣ ጠጠሩ ይለቀማል። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ ይደባለቅበታል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የካሮትንም ሥር ሁለትና ሦስት ቦታ ይሰነጥቃል። በክረምት መደቡ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በበጋ በተቃራኒው ዝቅ ብሎ ዙሪያው ይከተራል። የበጋ ነፋስ ከፍ ያለን መደብ በአንድ ቀን ያደርቀዋል።

ለመጀመር የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባልጠለቀ ይዘራሉ፣ በደረቅ ሣር ይሸፈናሉ። ሲበቅሉ ሣሩ ይነሳና ዝቅ ያለ ዳስ ይሠራላቸዋል። ችግኙ ተጠጋግቶ ውሃ ከበዛበት ግንዱ ከአፈሩ ጋር እኩል በስብሶ ይወድቃል። የቲማቲም ችግኝ በ4 እስከ 5 ሳምንት፣ የሽንኩርት በ7 ሳምንት አካባቢ ለተከላ ይደርሳል። ከተከላው አንድ ሳምንት በፊት ውሃ ይቀነስለታል፣ ዳሱም ይነሳል። ተከላው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ሽንኩርት በመስመሮች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ቲማቲም 1 ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፤ ከዓመት በላይ የቆየ ከሆነ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መሞከር ይገባል።

ውሃና ችግሮች

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል፤ ለ3 ካሬ ሜትር መደብ 20 ሊትር ጀሪካን የማይሞላ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ቀድሞ ይዘጋጅ። በረኪና የነካው የልብስ እጣቢ አይሆንም። የጤፍ ጭድ ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል።

የቲማቲም ፍሬ ቂጡ ጠቁሮ ሲሰረጉድ ብዙዎች በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይረጫሉ። ምክንያቱ ውሃው አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን በመጥፋቱ ፍሬው ካልሲየም ማጣቱ ነው፤ መድኃኒቱም ውሃውን እኩል አድርጎ ማጠጣት ነው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም የእሳት እራት ግን እውነተኛ ጠላት ነው። ትሉ ቅጠሉን በሁለቱ ቆዳ መካከል እየበላ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ይተዋል፤ የተበላው ቅጠል ተለቅሞ በታሰረ ፌስታል ፀሐይ ላይ ይጣላል። በጎመን ቅጠል ሥር ለሚሰፍረው ክሽክሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ ምሽት ላይ መርጨት ይበቃል።

ከመደቡ ሽንኩርት የግማሽ ያህሉ አንገት ሲወድቅ ውሃው ይቆማል፤ ከተነቀለ በኋላ በጥላ ሥር ደርቆ፣ አንገቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጣል።