በመረጃ የሚመራ የፖሊስ ሥራ ምንድን ነው?

አንድ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሳ ተብሎ ለፖሊስ ተደወለ እንበል። ተረኞቹ ሄዱ፣ አረጋጉ፣ ተመለሱ። በሳምንቱ እዚያው ቤት ሌላ ተረኛ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። መዝገቡ ላይ ሦስቱም «የቤተሰብ ግጭት፣ በስምምነት ተፈታ» ተብለው ለየብቻ ሰፍረዋል። ጎን ለጎን አድርጎ ያነበባቸው ግን የለም። ቢነበቡ ኖሮ የደወለችው አንዲት ሴት እንደሆነች፣ ጉዳቱም በየጊዜው እየከፋ እንደመጣ ይታይ ነበር።

በመረጃ የሚመራ የፖሊስ ሥራ ማለት ይህን ንባብ የዘወትር ሥራ ማድረግ ነው። ጥቆማው፣ የስልክ ጥሪው፣ የምርመራ መዝገቡ አንድ ላይ ይታያል፤ ስምሪት የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የኬንት ፖሊስ ሠራበት፣ በ2000 ደግሞ ብሔራዊ አሠራር ወጣለት። አሠራሩ ወንጀልን በሦስት ደረጃ ይለያል፦ የአካባቢ፣ ከአንድ አካባቢ አልፎ የሚሄድ፣ በአገርና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደራጀ። ስልክ ነጥቆ የሚሮጠው ልጅ የጣቢያው ጉዳይ ነው፤ የተሰረቁትን ስልኮች ሰብስቦ ድንበር የሚያሻግረውን ግን አንድ ጣቢያ ብቻውን አይደርስበትም።

«ፓትሮሉን ማብዛት አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ይኸው ተሞከረ። 15 ቀጠናዎች ለሦስት ተመደቡ፤ በአንዱ ምድብ የዘወትሩ የመኪና ቅኝት ቀረ፣ በሌላው እንደነበረ ቀጠለ፣ በሦስተኛው ሁለት ሦስት እጥፍ ሆነ። ወንጀሉ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልመጣም። በኋላ እዚያው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ በተሠራ ጥናት ደግሞ ለፖሊስ ከተደወሉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከ3 በመቶ አድራሻዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፖሊስ ሁሉም ቦታ እኩል ከተበተነ የትም አልደረሰም ማለት ነው።

በብዛት ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። ከሱቅ የሚሰረቅ ዕቃ ከሰው ዝውውር በብዙ ይበልጣል፤ ግን አንዷ የተሸጠች ልጅ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከስንት ስርቆት ጋር ሊመዘን ነው? ለዚህ ነው ቅደም ተከተል ሲወጣ ከቁጥሩ እኩል ጉዳቱ መታየት ያለበት።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። መረጃ የሚያሳየው የተነገረውን ብቻ ነው። የወንጀል ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ሰፈር እውነትም ሰላም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ያቺ ሴት ሦስት ጊዜ ደውላ ምንም ለውጥ ስላጣች መደወሉን ትታዋለች። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በእግር ሄዶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ሰው ሲያነጋግሩ ነው።